እጃችንን ይዛችሁ ለመራችሁን

በፓሳዲና ለምትገኙ የቀን ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከኢተን እሳት በኋላ በአልታዲና ጠረጴዛ ዘርግታችሁ ሰው ስታስተናግዱ ለከረማችሁ ሁሉ፣

የምጽፈው ስለ ራሴም ስለ አክስቴም ሆኜ ነው። እሳቸው ምስጋና በቃል እንጂ በወረቀት አይሆንላቸውም፤ «አንተ ጻፍልኝ፣ ግን ሰው እንዳትረሳ» ብለው አዝዘውኛል። የብዙዎቻችሁን ስም አላውቅም። የምታውቁት ሰው ያደረገውን እዚህ ካነበባችሁ ንገሩልኝ።

በእሳቱ ማግስት ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚሰጥ ነገር አልጠፋም። ቀይ መስቀል በፓሳዲና የስብሰባ ማዕከል አልጋ ዘርግቶ ነበር። ዎርልድ ሴንትራል ኪችን ትኩስ ምግብ ያድላል። በሳንታ አኒታ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ መኪና ማቆሚያ ላይ ልብሱ፣ ዳይፐሩ፣ ውኃው ተከምሯል። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ ለአስቸኳይ ችግር 770 ዶላር ይሰጥ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረጉ ይመስገኑ። ነገር ግን በነጠላ ጫማ ከቤቱ ለወጣ ሰው ይህ ሁሉ ያለው በየቦታው ተበትኖ ነው። አንዱ በስልክ መተግበሪያ ይሞላል፣ ሌላው ኢሜይል ይጠብቃል፣ ሌላው ወረፋ ነው። አንዱ የኪራይ ውል ያምጡ ይላል፤ ውሉ ከቤቱ ጋር አመድ ሆኗል። እርዳታ አለ ማለትና እርዳታ ደረሰ ማለት ለየቅል መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ እጃችንን ይዛችሁ ያሻገራችሁን እናንተ ናችሁና ምስጋናዬ ከሁሉ በላይ ለዚያ ነው።

እሳቱ የተነሣው በገና ዕለት ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በእናንተ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025። አክስቴ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረው፣ ጾማቸውን በዶሮ ወጥ ፈትተው፣ እንግዳ ሲቀበሉና ሲሸኙ ውለው ገና ጎናቸውን ማሳረፋቸው ነው። ከዚያ በፊት ከነበረው ግንቦት ወዲህ ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልጣለም ነበር። የሳንታ አና ነፋስ በዚያ ምሽት ሄሊኮፕተር መብረር እስኪያቅተው ነፈሰ፣ በኢተን ሸለቆ የተቀጣጠለውንም እሳት ፍሙን ከጣራ ጣራ እያዘለለ ወደ ሰፈር አወረደው። በአልታዲና ከሌክ ጎዳና በስተምሥራቅ ላሉት የውጡ ትእዛዝ በምሽት ደረሳቸው። አክስቴ በሚኖሩበት በምዕራቡ በኩል ትእዛዙ የመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። በኢተን እሳት 19 ሰዎች ሞቱ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በምዕራቡ በኩል። ከ9,400 በላይ ቤትና ሕንፃ ወደመ፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም አልቀረ። አክስቴን ከእንቅልፋቸው የቀሰቀሱት ተከራይተው ይኖሩበት የነበረው ግቢ ባለቤት ናቸው። በእድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ባትሪ ይዘው የጓሮውን በር ደብድበው፣ በራሳቸው መኪና ጭነው አወጧቸው። ለእሳቸው ለብቻ ጽፌያለሁ፤ እዚህም ሳላነሣቸው ባልፍ ነውር ነው።

በማግስቱ በስብሰባው ማዕከል አክስቴን ሳገኛቸው አልጋ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ያጥፋሉ፣ ይፈታሉ፣ እንደገና ያጥፋሉ። «እትዬ፣ ተነሡ እንመዝገብ» አልኳቸው። «ተወኝ ልጄ፣ ከእኔ የባሰ አለ፤ ለእነዚያ ይድረስ» አሉኝ። የሰው ፊት እሳት ነው ይላል ያገሬ ሰው። አንዱን እሳት አምልጠው ሌላው ፊት መቆም ከበዳቸው። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅና የሰው አዛውንት ሲጠብቁ የኖሩ፣ እንግዳ ባዶ እጁን ሸኝተው የማያውቁ ሴት ናቸው። አንድ ብርድ ልብስ ተጨማሪ ለመጠየቅ እንኳን አፋቸው አልከፈት አለ። እንዲህ ያለ ሰው በየአደጋው ስንት ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ስላልጠየቀ ብቻ ያልደረሰው።

እናንተ ጋ የመጣነው በአጋጣሚ ነው። ሌክ ጎዳና ላይ፣ ከፓሳዲና ኮሚዩኒቲ ጆብ ሴንተር ደጃፍ፣ መኪና ተሰልፎ አየንና እኛም ተሰለፍን። ስለ እናንተ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ያገሬ ሰውም ይወቀው። አብዛኞቻችሁ የዚያን ሰፈር አትክልት ስትኮተኩቱ፣ ጣራ ስትጠግኑ፣ ቤት ስታጸዱ የኖራችሁ ናችሁ። ቤቱ ሲቃጠል የእናንተም እንጀራ አብሮ ተቃጠለ፤ ተጎጂ ተብሎ አስቀድሞ የሚመዘገበው ግን ባለቤቱ ነው። እናንተ ማለዳ ማለዳ ሥራ የምትጠብቁበትን ግቢ የውኃ፣ የምግብና የዳይፐር መጋዘን አደረጋችሁት። መጥረጊያ፣ አካፋና መጋዝ ይዛችሁ በቡድን በቡድን ወጣችሁ፤ ነፋስ የገነደሰውን ዛፍ እየቆረጣችሁ ከመንገድ አነሣችሁ፣ በየደጁ የወደቀውን ፍርስራሽ ጠረጋችሁ። ከየሰፈሩ የመጣው በጎ ፈቃደኛ፣ አመዱ እርሳስና ሌላም መርዝ እንዳለበት፣ ማስክና ጓንት እንዴት እንደሚለበስ ከእናንተ ተምሮ ከኋላችሁ ተሰለፈ። የጠራችሁ የለም፤ የከፈላችሁም የለም።

አክስቴ ከመኪናው አልወርድም ብለው ነበር። ከእናንተ አንዱ፣ ጎልማሳ፣ ደማቅ ሰደርያ የለበሰ፣ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ የሚፈልጉትን ሊጠይቅ ሲል እግራቸውን አየ። ነጠላ ጫማ፣ ያለ ካልሲ፣ በጣቶቻቸው መካከል ጥቁር አመድ። ምንም ሳይል ሄደ። ሦስት ጥንድ ስኒከር ይዞ ተመለሰ፣ በሩን ከፈተ፣ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከና አንዱን ሊለካላቸው እጁን ዘረጋ። አክስቴ እግራቸውን ሰበሰቡ። እሳቸው እግራቸውን ለሰው የሚሰጡት በዓመት አንድ ቀን፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ለካህን ነው። ሰውዬው አልገፋ፣ አልተነሣም፤ እንደተንበረከከ ጠበቃቸው። ቆይተው ሰጡት። ሁለተኛው ጫማ ልካቸው ሆነ። ማሰሪያውን ቋጠረ፣ እንዳይፈታም ደግሞ ቋጠረው። ከዚያ ነጩን ማስክ አለበሳቸውና ሽቦውን በአፍንጫቸው ላይ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ጫነላቸው። በስፓኒሽ አንድ ነገር አላቸው፤ እሳቸው በአማርኛ መረቁት።

ሰውዬው በዚህ አላበቃም። አንዲት ባልደረባውን ጠራና፣ እሷ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈችልን፦ የአደጋ ማገገሚያ ማዕከሉ ያለበትን፣ የሚከፈትበትን ሰዓት፣ ይዘን የምንሄደውን። ውሉ ተቃጥሏል ስላት «የመብራት ቢልም ይሆናል፣ ስልክዎ ላይ ይኖራል» አለችኝ። ነበረ። ስንት ሰዓት በየድረ ገጹ ስዞር ያላገኘሁትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

እንግዲህ ከጠረጴዛው ጀርባ ወደ ነበራችሁት ልምጣ። የማገገሚያ ማዕከሉ ኋላ ላይ ወደ አልታዲና፣ ውድበሪ መንገድ ተዛወረ። እዚያ በነጻ ሰው ታማክር የነበረችውን ወጣት አክስቴ እስካሁን «ያቺ ልጅ» እያሉ ያነሷታል። ለአንድ ማመልከቻ የተቃጠለው ዕቃ ዝርዝር ያስፈልግ ነበርና፣ እኔ እያስተረጎምኩ አንድ በአንድ ጻፈች፦ የኤሌክትሪክ ምጣዱ፣ መሶቡ፣ ሁለቱ የበዓል ቀሚሶች፣ አልጋው፣ የስፌት መኪናው። ጀበናው ላይ ስንደርስ አክስቴ «እሱን ይተዉት፣ አሮጌ ነው» አሉ። ልጅቱ እስክሪብቶዋን አላነሣችም። «አሮጌም ቢሆን የእርስዎ ነበር» አለቻቸውና ጻፈችው። በመጨረሻ፣ ፎርሙ የማይጠይቀውን፣ የእናታቸውን አንድያ ፎቶ ከግርጌ አሰፈረች። ለፎቶው ማንም ገንዘብ እንደማይከፍል ሁላችንም እናውቃለን። አክስቴ ግን ያን ቀን ነው ስለ ቤታቸው ማውራት የጀመሩት።

ከሳምንታት በኋላ ካመለከትንበት አንድ ቦታ ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያው መስመር «ብቁ አይደሉም» ይላል። አክስቴ አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ለእኔም የነገሩኝ ሰንብተው ነው። ይዘንላት ስንሄድ ልጅቱ ገልጣ ገልጣ ከኋላው ገጽ ላይ የጎደለው አንድ ማስረጃ መሆኑን አሳየችን፤ ይግባኙንም እዚያው አጠገባችን ተቀምጣ ጻፈችው፣ ገንዘቡም መጣ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው አንድ መስመር አንብቦ ይተወዋል፤ አቅሙ እስከዚያ ድረስ ነው። እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያነብለት ሰው አጠገቡ ካለ ግን በሩ አልተዘጋም። እናንተ ያን ሰሞን ስንቱን እንዲህ ያለ ወረቀት እስከ መጨረሻው እንዳነበባችሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

አንቺ ደግሞ በስልክ ያስተረጎምሽልን እህቴ፣ መልክሽን አላየሁትም። እኔ ሥራ ላይ በምሆንበት ቀን አክስቴ ብቻቸውን ሲሄዱ፣ ከአዳር ሥራሽ ገብተሽ ሳትተኚ ስልኩን ታነሺላቸው ነበር። «እማማ፣ አይቸኩሉ፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» ትያቸዋለሽ። አክስቴ የአንቺን ድምፅ ከሰሙ በኋላ የማዕከሉን በር መፍራት ተዉ።

የግቢው ባለቤት ነገር ደግሞ ከእኛ ይከብድ ነበር። ምዕራብ አልታዲና፣ ጥቁር አሜሪካውያን በሌላው ሰፈር ቤት እንዳይገዙ በተከለከሉበት ዘመን ገዝተው የተተከሉበት ሰፈር ነው። የዩሲኤልኤ አጥኚዎች እንደጻፉት፣ በአልታዲና ካሉት የጥቁር ቤተሰቦች 61 በመቶው የሚኖሩት እሳቱ ባካለለው ክልል ውስጥ ነበር። አመዱ ሳይቀዘቅዝ መሬቱን ልግዛ የሚል ስልክ መደወል ጀመረ። በየአጥሩ «አልታዲና አትሸጥም» የሚል ሰሌዳ የተከላችሁ ጎረቤቶች፣ ሽማግሌው ሰሌዳውን ሲያዩ ቀና ብለው እንደሄዱ እኔ ምስክር ነኝ። ፍርስራሹን የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ጓድ በነጻ እንዲያነሣ ወደ ግቢ መግቢያ ፈቃድ መፈረም ነበረባቸው። ፈረምኩ ማለት መሬቱን ሰጠሁ ማለት መስሏቸው እጃቸውን ሰብስበው ነበር። አንድ የሕግ ባለሙያ፣ ያለ ክፍያ፣ ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበላቸው። ዛሬ ግቢው ተጠርጓል፤ መሬቱም የእሳቸው ነው።

ሌሎቻችሁንም ላንሣ። ከፌርፋክስ እንጀራና ሽሮ ይዛችሁ የመጣችሁ ያገሬ ልጆች፤ ሳይጠሩ የደረሱ የእድራችን ሰዎች፤ እስር ላይ ሆናችሁ በጥቂት ክፍያ እሳቱ ፊት የቆማችሁ ከ1,000 የማያንሱ የካሊፎርኒያ ታራሚዎች፤ ከካናዳና ከሜክሲኮ የመጣችሁ እሳት አጥፊዎች። በአልታዲና የቧንቧው ውኃ እንዳይጠጣ በታገደበት ሰሞን ካርቶን ውኃ ደጃፋችን ላይ ትታችሁ የሄዳችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ እንኳን አላወቅንም።

ከዚያ በጁን 2025 በሎስ አንጀለስ የኢሚግሬሽን አሰሳ ተጀመረ። የቀን ሠራተኞች ሥራ የሚጠብቁባቸው የሆም ዲፖ መኪና ማቆሚያዎች ከአሰሳው ዋና ዋና ቦታዎች መካከል ሆኑ። ያን መንገድ የጠረጉ እጆች በካቴና ሲታሰሩ ማየት አክስቴን ከእሳቱ ባላነሰ አሳመማቸው። ዜና ባዩ ቁጥር «ያ ጫማዬን ያሰረልኝ ልጅ ደኅና ነው?» ይሉኛል። ምን እንደምመልስላቸው አላውቅም። ይህን ደብዳቤ በየቤታችሁ ከመላክ ይልቅ በአደባባይ የማወጣውም ለዚህ ነው። እኛም የሰው አገር በር አንኳኩተን የገባን ነን፤ በዚህች ከተማ በክፉ ቀን ማን እንደደረሰ ያየ ሰው አይቻለሁ ብሎ መመስከር አለበት ብዬ አምናለሁ። በምስክርነት ለምትፈልጉኝ ሁሉ፣ በማንኛውም ቦታ፣ እመጣለሁ።

ደብዳቤውን ስፓኒሽ የምታውቅ ጓደኛዬ ትተረጉመዋለች፤ ሁለቱንም ሌክ ጎዳና ድረስ ራሴ አመጣዋለሁ። አክስቴም አብረውኝ ይመጣሉ። አሁን አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ምድጃው ትንሽ ቢሆንም ድፎ ዳቦ ይጋገርበታል ብለዋል። የእሳቸውን ምርቃት ቃል በቃል እነሆ ጽፌዋለሁ፦ «እጃችሁ አይዛል። የዘረጋችሁት ይሙላ። ልጆቻችሁን በቤታችሁ፣ በሰላም ያሳድግላችሁ። ከሚፈልጋችሁ ክፉ ዓይን ይሰውራችሁ። ብድራችሁን እኔ ባልችል እሱ ይክፈላችሁ። አሜን በሉ።»

አክባሪ ወንድማችሁ