ከባለቤቱ የሚደበቅ ኮድ

በዎርድፕረስ የተሠራ ድረ ገጽ ያለው ሰው የፕለጊን ፋይል ከፍቶ ትርጉም የሌለው የሚመስል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ሲያጋጥመው ይደነግጣል። አይፈረድበትም፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው ያለ ቦታው ነው። ቤዝ64 የሚባለው አጻጻፍ ትንንሽ ምስሎችን ኮድ ውስጥ ለማስቀመጥ ዘወትር ይሠራበታል። ፋይሉ ቶሎ እንዲከፈት ኮዱን በአንድ መስመር ማጨቅም የተለመደ ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ድርድሩ ተፈትቶ እዚያው እንደ ትእዛዝ እንዲሠራ ሲደረግ ነው።

ብዙዎችን ያታለለው ግን መልኩ የሚያምረው ኮድ ነው።

«ዲስፕሌይ ዊጄትስ» የተባለው ፕለጊን እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 200,000 በሚጠጉ ድረ ገጾች ላይ ተጭኖ ነበር። ለዓመታት ያለ ችግር ካገለገለ በኋላ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ከዚያ በወጡት ዝማኔዎች ውስጥ «ጂኦሎኬሽን» የሚል ስም የተሰጠው ፋይል ገባ። ስሙን ላየ የጎብኚውን አገር የሚለይ እንጂ ሌላ አይመስልም። ሥራው ግን ባለቤቱ ሳያውቅ በድረ ገጹ ላይ የማስታወቂያ ጽሑፍ ማተም ነበር። ጽሑፉ የሚታየው በአካውንቱ ላልገባ ጎብኚ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ገብቶ ሲያይ ሁሉም ደህና ነው። ፕለጊኑ ከዎርድፕረስ ማከማቻ ተነሥቶ ሲመለስ ቆይቶ በዚያው ዓመት ጨርሶ ተወገደ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ደግሞ አጥቂዎች ሌላ ቦታ በሾለኩ የይለፍ ቃሎች የፕለጊን ሠሪዎችን አካውንት ከፍተው «ሶሻል ዋርፌር»ን ጨምሮ በበርካታ ፕለጊኖች ላይ ኮድ ጨመሩ። ኮዱ ምንም ያህል አልተሸፋፈነም፤ ማብራሪያ እንኳ ተጽፎበት ነበር። የሚሠራው አዲስ የአስተዳዳሪ አካውንት ከፍቶ መረጃውን ለአጥቂዎቹ መላክ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ኮዱ ምን ይመስላል ሳይሆን ምን ይሠራል መሆን አለበት። ተጠቃሚ ይፈጥራል? ከማይታወቅ ሰርቨር ትእዛዝ ይቀበላል? ለባለቤቱ አንድ፣ ለእንግዳው ሌላ ያሳያል? ቅን ፕሮግራመር ሥራውን ከድረ ገጹ ባለቤት የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። የሚከፈልበትን ፕለጊን በነጻ ከሚያድሉ ገጾች ማውረድ ደግሞ ኮዱን ማን እንደነካካው ሳያውቁ መጫን ነው።

ሸክሙን ሁሉ በባለቤቱ ላይ መጣልም ተገቢ አይደለም። ፕለጊን ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር የጫኑት ሁሉ ከዝማኔው በፊት ሊነገራቸው ይገባል። የተጠረጠረ ፕለጊን የተገኘበት ሰው ደግሞ ፕለጊኑን በማጥፋት ብቻ አይዘናጋ፤ ቀድሞ የተከፈተው የአስተዳዳሪ አካውንት እዚያው ስለሚቀር የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ዛሬውኑ ይመልከት፣ የይለፍ ቃሎቹንም ይቀይር።