ላም አለኝ በሰማይ፦ የኢራንና የኳታር ጋዝ

የሁለት አገሮችን የጋዝ ሀብት ለማወዳደር ክምችቱን በዕለቱ ዋጋ ማባዛት የተለመደ ነው። ስህተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ኢራንና ኳታር በባሕረ ሰላጤው ሥር የሚገኘውን የዓለም ትልቁን የጋዝ ክምችት ይጋራሉ። በጠቅላላ ክምችት ኢራን ትበልጣለች፤ የእርሷ ከ30 ትሪሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ሲገመት፣ የኳታር 24 ትሪሊዮን ግድም ነው። ገበያው ግን ለኳታር ፈርዷል።

ጋዝ በመርከብ ባሕር ለመሻገር ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ መሆን አለበት፤ ያኔ ይዘቱ 600 ጊዜ ያህል ያንሳል። ኳታር አስቀድማ ለጃፓን በረጅም ጊዜ ውል ሸጠች፤ በብድርና በውጭ ኩባንያዎች ሽርክና ፋብሪካ ተከለች። እ.ኤ.አ. በ1996 መላክ ጀምራ፣ በ2011 የማምረት አቅሟን በዓመት 77 ሚሊዮን ቶን አደረሰች። ኢራን ግን ማዕቀቡ ቴክኖሎጂውንም ካፒታሉንም ስላራቀባት፣ አብዛኛውን ጋዟን በድጎማ ዋጋ አገር ውስጥ ስታነድድ ኖራለች። ይህ ለሕዝቧ ጥቅም የለውም አይባልም፤ ዶላር ግን አያመጣም።

እንግዲህ የጋዝ ዋጋ ያለው በፋብሪካው፣ በወደቡና በገዢው ፊርማ ላይ ነው። የእኛም የካሉብ ጋዝ ከተገኘ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ኦጋዴን ደግሞ ባሕር የለውም። ስለዚህ «ክምችቱ ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ማን ይገዛዋል? በየት ይወጣል? በስንት ወጪ?» ብለን እንጠይቅ። አለዚያ ወተቷን የማናይላት ላም ባለቤት ሆነን እንቀራለን።