45 ዓመት የሞላችሁ፣ ተነሱ!

ወገኖቼ፣ በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ያላችሁ! ሌሊቱን ታክሲ ስትነዱ የምታነጉ፣ ሆስፒታል ፈረቃ የምታድሩ! 45 ዓመት ሞልቷችኋል? ይህ ጥሪ የእናንተ ነው።

በአሜሪካ የትልቁ አንጀት ካንሰር ጥቁሮችን ከነጮች በ40 በመቶ ገደማ አብልጦ ይገድላል። ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን በዚሁ ካንሰር በ2020 ሲያርፍ ገና 43 ዓመቱ ነበር። ከውጭ የመጣን ደግሞ እዚህ ከተወለዱት ያነሰ እንመረመራለን። ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰበት ከ10 ታማሚ 9ኙ ገደማ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል፤ ጉበትና ሳንባ ከደረሰ ግን አንድ ወይም ሁለቱ ብቻ። እናት ከልጆቿ ጋር የምትቀረው ወይም የምትለየው እዚህ ላይ ነው። አንዘግይ!

በጊዜ የሚደረስበት መንገድ አለ። ካንሰር ሲጀምር የዘረመሉን ፊደል ሳይለውጥ በላዩ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፋል፤ ሜቲሌሽን ይባላል። ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚጠብቁ ጂኖች በዚህ ምልክት ይዘጋሉ። ምልክቱን ከዓይነ ምድርና ከደም ማንበብ ተችሏል።

ከ2014 ጀምሮ የተፈቀደው ኮሎጋርድ የተባለው የዓይነ ምድር ምርመራ በሳጥን ቤታችሁ ይመጣል። ናሙናውን አስቀምጣችሁ መልሳችሁ ትልካላችሁ፤ በየ3 ዓመቱ። ሺልድ የሚባለው የደም ምርመራ በ2024 ተፈቅዷል፤ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለውን የአንጀት እባጭ (ፖሊፕ) በመለየት ግን ደካማ ነው፣ ስለዚህ እኔ ሳጥኑን አስቀድማለሁ። አብዛኛው ኢንሹራንስ ሳጥኑን ያለ ክፍያ ይሸፍናል።

ዓይነ ምድር መላክ ያሳፍራል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት አባቶቻችን ናቸው። አትፈሩ፣ አትደብቁ፣ ላኩ!

ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ አንጀትን በካሜራ የሚያየው ምርመራ፣ ኮሎኖስኮፒ፣ ግድ ነው፤ እዚያ ላይ ማቆም አለመመርመር ማለት ነው። በዓይነ ምድራችሁ ደም የምታዩ፣ ወይም ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት በዚህ ካንሰር የታመመባችሁ፣ ሳጥን አትጠብቁ፤ 45 ዓመት ባይሞላችሁም ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለሕክምና ጥናት ስትጋበዙም ጠይቁ፣ ተረዱ፣ ግቡ። የዘረመል ምርምር እስካሁን በአብዛኛው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ ተሠርቷል። የእኛም ደም ይቆጠር!

እድሮች፣ ማኅበራት፣ ካህናት፣ ኢማሞች፣ ከፊት ቁሙ። ወጣቶች፣ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በመጪው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ከእናቶችና ከአባቶች ጎን ተቀመጡ። ለሐኪማቸው ደውሉላቸው። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁላቸው፤ በነጻ የማግኘት መብት አላቸው። ቀጠሮው ሳይያዝ ከወንበሩ አትነሱ!