በቆዳ ስለሚገባ የዕፅ መድኃኒት

ቅጠል ቀጥቅጦ በሕመም ላይ መለጠፍ፥ ሥር ወቅጦ በቅቤ ለውሶ መቀባት፥ በአገራችን ከጥንት የታወቀ ነው። አሁን ደግሞ የዕፅ ጭማቂ እንደ ፕላስተር በሚለጠፍ ጨርቅ ላይ ተደርጎ፥ ቆዳን ዘልቆ ወደ ደም ይገባል እየተባለ በውጭ አገር ይሸጣል። አሳቡ ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን ከመቀበላችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የመድኃኒቱ መጠን ነው።

ማስረጃውን ከደጃችን እናገኘዋለን። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር፥ ስሙ እንደሚያስረዳው የቀመሰውን ያስለፈልፋል፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነም ይገድላል። በዚህ ዕፅና በዘመዶቹ ውስጥ ስኮፖላሚን የሚባል ቅመም አለ። በ1979 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ወደ ደም እንዲገባ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት መጀመሪያ በአሜሪካ ሲፈቀድ፥ በውስጡ የነበረው ይኸው ስኮፖላሚን ነው። ከጆሮ ኋላ ይለጠፋል፤ መንገደኛንም ከማጥወልወልና ከትውከት ይጠብቃል። በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ሰውነት የሚያስገባው 1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ ግራም ሺሕ እጅ አንዱ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ሆኖ ሳለ፥ ልጥፉን በነካ እጁ ዓይኑን ያሸ ሰው ብሌኑ ይሰፋበታል።

እንግዲህ ሁሉም ዕፅ እንዲሁ ይገባል ማለት አይደለም። የቆዳ የላይኛው ገጽ ከወረቀት የቀጠነ ቢሆንም ብርቱ ዘበኛ ነው፤ የሚያሳልፈው እጅግ ደቃቅ የሆነውንና ከስብ ጋር የሚስማማውን ነው። የትምባሆው ኒኮቲን እንደዚህ ስለ ሆነ ያልፋል። በዋንጫ ተጠጥቶ የሚያሽር ቅጠል ግን በልጥፍ ያንኑ ያደርጋል ብሎ ማመን አይገባም፤ ብዙው ነገሩ በውጭ ይቀራልና። (ስለ ቅብዐ ቅዱስ አንናገርም፤ እርሱ ምሥጢር ነው፥ ከዚህ ጕዳይ አይገባም።)

ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጡ ባለሥልጣኖች የዕፁን ስም ሰምተው ብቻ ማኅተም እንዳያሳርፉ እንለምናለን። ነጋዴው ምን ያህል ቅመም በጨርቁ ላይ እንዳለ፥ ከዚያም ምን ያህሉ በስንት ሰዓት ወደ ደም እንደሚደርስ፥ ተመርምሮ የተገኘውን በጽሑፍ ያቅርብ። የመድኃኒት መጽሐፍ በእጃቸው የሚገኝ ሊቃውንት አባቶችም፥ የትኛው ዕፅ በመቀባት የትኛው በመጠጣት እንደሚሰጥ ለመርማሪዎች ቢገልጹ ድካሙን ያቀሉታል። የሕፃናት ነገር ደግሞ ለብቻው ይታይ፤ የስኮፖላሚኑ ልጥፍ እንኳ ከዚህ ሁሉ ምርመራ በኋላ ለልጆች አልተፈቀደም።