የጥርስ ክሊኒክም ጓዳ አለው

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና ሲኬድ፣ እንዲሁም በቤቴልና በዓለም ባንክ ሰፈሮች የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ ማየት የተለመደ ነው። ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ሐኪሙ እጅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ካርድ የምታወጣው፣ ቀጠሮ የምትይዘው፣ ሒሳብና ንብረት የምትቆጣጠረው ሠራተኛ ድርሻም ቀላል አይደለም። ቤት በጓዳው እንደሚታወቅ ሁሉ ክሊኒክም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የዛሬው ውይይታችን ለሠራተኛዋም ለታካሚዋ እናትም የሚሆን ነው።

በመጀመሪያ ቀጠሮን እንመልከት። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ አንድ የሕክምና ወንበር፣ ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢመደብ፣ 16 ሰዎችን ያስተናግዳል። ሦስቱ ቢቀሩ ከቀኑ ሥራ አንድ አምስተኛ ያህሉ ባከነ ማለት ነው፤ የቤት ኪራይና ደመወዝ ግን አይቀሩም። ስለዚህ በዋዜማው ስልክ ደውሎ ማስታወስ ብልህነት ነው። እናትም የማይመቻት ከሆነ አስቀድማ ብታሳውቅ፣ ሕመም የጸናበት ሌላ ሰው ይታከምበታል። በአንጻሩ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ የመጣችን እናት ያለ ምክንያት ማስጠበቅ ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። የጥርስ መሙያውና የማደንዘዣው መድኃኒት በአብዛኛው ከውጭ አገር የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ በመቀነሱ፣ የእነዚህ ዕቃዎች መግዣ ከፍ ብሏል። ይህ ግን ዋጋን ደብቆ ለመሥራት ምክንያት አይሆንም። የጥርስ ሥር ሕክምና ከመንቀል የበለጠ ገንዘብና ምልልስ ይጠይቃል። ጠቅላላ ሒሳቡ ሳይነገራት የጀመረች እናት በመካከሉ ብታቋርጥ፣ ገንዘቧም ጥርሷም ይጠፋል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ስንት ጊዜ እንደምትመላለስና በጠቅላላው ስንት ብር እንደምትከፍል በጽሑፍ ይሰጣት፤ ካልተሰጣትም ትጠይቅ። በተለይ ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ የወተት ጥርስ ሳይሆን ቋሚ ጥርስ ነው። ብዙ ወላጆች «ይለወጣል» ብለው ይተዉታል፤ ሲነቀል ግን ምትክ የለውም።

ሦስተኛው የዕቃ ንጽሕና ነው። መሣሪያን ማፍላት ብቻ አይበቃም። አውቶክሌቭ በሚባለው ማሽን በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እንደ ዕቃው አያያዝ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። መብራት በመካከሉ ቢቋረጥ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። መሣሪያው ጥቂት፣ ታካሚው ብዙ ሲሆን መቻኮል ይመጣል፤ በቸልታ በኩል ደግሞ እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለ የጉበት በሽታ ሊተላለፍ ይችላል። በመሆኑም በቂ መሣሪያ መግዛትና እያንዳንዱን ዙር በመዝገብ መያዝ የሒሳብ ሠራተኛዋም ኃላፊነት ነው። እናትም «ይህ ዕቃ ዛሬ ተቀቅሏልን?» ሳይሆን «በአውቶክሌቭ አልፏልን?» ብላ መጠየቅ አያሳፍራትም።

በመጨረሻም ሰነድን አንርሳ። የሥራ ፈቃዱ በግልጽ መለጠፉን እንይ፤ ለከፈልነው ሁሉ ደረሰኝ እንቀበል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነች እናትም መድኑ የሚያገለግለው ውል ባላቸው ተቋማት መሆኑን ተረድታ፣ ወደ ግል ክሊኒክ ከመሄዷ በፊት በጤና ጣቢያዋ ትጠይቅ።

ከጥርስ ሕመም የሚብሰው፣ ወጪውን በመፍራት ሕመሙን ታቅፎ ማደር ነው። በግልጽ የሚነገር ዋጋና የሚከበር ቀጠሮ ይህን ፍርሃት ያቀልላሉ። እህቶቻችን በካርድ ክፍሉ መስኮት ሆነው ሊሠሩት የሚችሉት ትልቅ ሥራም ይኸው ነው።