አደይ ሲፈካ ጸደይ አይደለም

አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር «ጸደይ ገባ» ማለት ለምደናል። ሬዲዮው ይላል፣ ማስታወቂያው ይላል፤ እዚህ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደግሞ አደይ ታቅፈው ፎቅ ለፎቅ ለሚዞሩት ልጃገረዶች በር የሚከፍተው ጎረቤቴም ይላል። በአባቶች አቆጣጠር ግን እንቁጣጣሽ ገና ክረምት ነው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ የሚከተለውም ጸደይ ሳይሆን መፀው ነው፣ እስከ ታኅሣሥ 25። ከዚያ በጋ አለ። ለጸደይ ተራው የሚደርሰው መጋቢት 26 ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የሰፈራችን አንድ ተማሪ ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፉ ላይ «ቨርናል» የሚል ቅጽል ገጥሞት መዝገበ ቃላቱ «የጸደይ» ይለዋል፤ እሱም ከጎኑ በእርሳስ «የመስከረም» ብሎ ጽፎበታል። ቃሉ ላቲን ነው። ሮማውያን ጸደይን «ቬር» ይሉት ነበር፤ የፋርሶቹ «ባሃር»ም ከዚያው ግንድ የበቀለ ነው። እንግሊዞች ለዕለት ንግግር «ስፕሪንግ» ስላላቸው ቨርናልን ለግጥምና ለሳይንስ ትተውታል። አብዝቶ የሚሰማውም በሥነ ፈለክ ነው፤ ፀሐይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስትሻገር ቀንና ሌሊት እኩል ለሚሆኑበት ዕለት፣ በእኛ መጋቢት 11 ግድም።

እዚህ ላይ የአባቶች ስሌት ያስደንቀኛል። ለፋሲካ ስሌት ከጥንት ጀምሮ የቀንና የሌሊት መተካከያ ተደርጎ የተያዘው በዩልዮስ አቆጣጠር ማርች 21 ነው። ያ ቀን በእኛ መጋቢት 25 ላይ ይውላል። ጸደይ የሚገባው በማግስቱ! የዩልዮስ ዓመት ከፀሐይዋ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ስለሚረዝም ዘመን በገፋ ቁጥር ቀኑ እየተንሸራተተ ዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ ዘገየ እንጂ፣ የእኛ ጸደይና የሮማውያኑ ቬር አንድ ናቸው። መዝገበ ቃላቱ ልክ ነው፤ የሳተው እርሳሱ ነው።

እኛ አገር ወቅትን የሚያዘው ዝናብ እንጂ ፀሐይ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት አለው። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት እንኳ ዓመቱን ለአራት አይከፍልም፤ ክረምት፣ በጋ፣ በልግ ብሎ በሦስት ይጨርሳል። በልጉ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፤ ጸደይም አብዛኛው እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ለወሎ ደጋ ገበሬ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ገብሱን የሚያበቅለው በዚሁ ዝናብ ነው። የ1977ቱ ረሃብ ያን ያህል የከፋው በ1976 በልጉ በመቅረቱ ጭምር ነው።

አባዶ ላይ ሚያዝያ ራሱን ያሳውቃል። ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ ይዳምናል፤ ከየበረንዳው እጅ እየወጣ የተሰጣ ልብስ ይለቅማል፤ ውኃ በፈረቃ ነውና ከአሸንዳው ሥር ባልዲና ጀሪካን ይደረደራል። ከተማው ውስጥ ጃካራንዳ ሐምራዊ አበባውን አስፋልት ላይ የሚያራግፈውም በዚሁ ሰሞን ነው። አበባ ለጸደይ ማስረጃ ይሁን ከተባለ እሱም ይቆጠርልን፤ አደይ ደምቃ ስለታየች ብቻ የሌላ ወቅት ስም ለምን ይሰጣታል? መፀውም እኮ የአበባ ወቅት ነው፤ ዘመነ ጽጌ የሚጀምረው መስከረም 26 ከእሱ ጋር ነው።

የስንዴ ተመራማሪዎች ግን ሁላችንንም ግራ ያጋቡናል። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚያወጣቸው ዝርያዎች ለማፍራት ረጅም ብርድ የማይሹ ናቸውና በዓለም አጠራር «የጸደይ ስንዴ» ይባላሉ፤ ስሙ የመጣው ስንዴ በጸደይ ከሚዘራባቸው ብርዳም አገሮች ነው። የአርሲ ገበሬ ይህንኑ የጸደይ ስንዴ የሚዘራው ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ጭቃ እየረገጠ ነው።