ድርቆሽ በክምሩ ቁመት አይመዘንም

በድሬዳዋ ገጠር፣ በቢዮ አዋሌ፣ ሠርቶ አደሩ ገበሬ ከብቱን ከበጋው የሚያሻግረው በማሽላ አገዳና ከተዳፋት ባጨደው ሣር ነው። በዚህ ሥፍራ የድርቆሽ ጥራት ውድድር ይካሄድ ቢባል፣ «ሣርም ይወዳደራል?» ብሎ የሚያፌዝ የከተማ ሰው አይታጣም። እኛ ግን ሐሳቡን እንደግፋለን፤ የምንደግፈውም ሽልማቱ ለትልቁ ክምር ባለቤት እስካልሆነ ድረስ ነው።

ትልቅ ክምር የሚከምረው ሰፊ መሬትና ብዙ ጉልበት ያለው ነውና፣ እንዲህ ያለው ውድድር የጥቂት ባለጸጎች ማሞገሻ ከመሆን አያልፍም። ጥራት ግን የዕውቀትና የወቅት ጉዳይ ነው። ሣር ማበብ ሲጀምር ካልታጨደ ይጠነክራል፤ ፕሮቲኑ ከመቶ 7 በታች ሲወርድም በከብቱ ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይዳከማሉ። ከብቱ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። እርጥበቱ ሳይወጣ የተከመረውም ይሻግታል። ጥቂት መሬት ያላት ባልቴት በወቅቱ አጭዳ፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ አገላብጣ ካደረቀች ባለ ሰፊ መሬቱን ልታሸንፍ ትችላለች።

ስለዚህ ዳኞች ነዶውን ፈትተው ይመልከቱ፤ ያሽትቱም። በተለይም በ1980 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋና በሐረርጌ መገኘቱ የተመዘገበው ፓርቲኒየም፣ ማለትም ገበሬው «ፈረምሲሳ» የሚለው አረም፣ የተቀላቀለበት ድርቆሽ ከውድድሩ ይውጣ። አረሙን የበላች ላም ወተቷ ይመራልና፣ ምሬቱ ወተቱን በሚገዛው የከተማ ሠራተኛ ማጀት ድረስ ይገባል።

በመሆኑም የቀበሌ ማኅበራት ጉዳዩ የገበሬው ብቻ ነው ብለው ዳር ሊቆሙ አይገባም። የሣሩ አጨዳ የሚደርሰው ገበሬው ማሽላውን ከወፍ በሚጠብቅበት ሰሞን ነው። አባሎቻቸው ማጭድ ይዘው ለአንድ እሑድ እንኳ ቢዮ አዋሌ ይውጡ።